በዲናሩ ጀርባ የቆመችው ዋስ

ማርች 28 ቀን 193 ዓ.ም. የሮማ ቤተ መንግሥት ዘበኞች ንጉሠ ነገሥታቸውን ፔርቲናክስን ገደሉና ዙፋኑን ለጨረታ አቀረቡት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ በዚያን ጊዜ የሮማ ምክር ቤት አባል ስለነበር ነገሩን በቅርብ ያውቀዋል። እሱ እንደጻፈው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ ሌላው ከበር ውጭ ሆነው፣ ለእያንዳንዱ ወታደር የሚከፍሉትን ገንዘብ እየጨመሩ ተጫረቱ፤ ዲዲዩስ ዩሊያኑስ የተባለው ባለጸጋ አሸነፈ። ዩሊያኑስ የነገሠው ለ66 ቀን ብቻ ነው። በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ካስመታቸው የብር ሳንቲሞች በአንዱ ጀርባ ላይ ሁለት የጦር ዓርማ የጨበጠች ሴት ቆማለች። በዙሪያዋ በላቲን የተጻፈው «የወታደሮች ስምምነት» ማለት ነው። ሴትዮዋ ኮንኮርዲያ ናት፤ ሮማውያን ቤተ መቅደስ ሠርተው የሚያመልኳት የስምምነት አምላክ። ወታደሮቹ ግን አልተስማሙም። የዳኑብ ሠራዊት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስን አንግሦ ወደ ሮማ ሲገሰግስ፣ ዙፋኑን የሸጡት ዘበኞች ራሳቸው የገዛቸውን ሰው ከዱት፤ ጁን ወር ሲገባ ተገደለ።

ሮማውያን በብር ሳንቲሞቻቸው ላይ ሴት አማልክትን ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ሲቀርጹ ኖረዋል። ስለነዚህ ምስሎች የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አስተያየት አይወጣም። አንደኛው ሳንቲሙን የእምነት መግለጫ ያደርገዋል፤ ሕዝቡ የሚያመልከውን ቀረጸ ይላል። ሁለተኛው የመንግሥት አዋጅ ያደርገዋል፤ ገዢው ያሰፈነውን ሰላም፣ ያገኘውን ድል፣ ያስገኘውን ጥጋብ አስነገረ ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የዩሊያኑስን ዲናር ግን አንዳቸውም አያስረዱትም፤ ሰውየው የሚያውጀው ስምምነት አልነበረውም፣ ይህንንም ሳንቲሙን ከሚቀበሉት ወታደሮች የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ አገር በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ባላጋራ «ዋስ ጥራ!» ሲል ቃልህን ብቻ ይዤ አልሄድም ማለቱ ነበር። ዋስ የሚጠራው እምነት በጎደለበት ቦታ ነው። በሮማ ዲናር ላይ የቆመችው አምላክም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዋስ ናት። ሳንቲሙን ያስመታው መንግሥት ወይም ሰው በገዛ ስሙ ሊታመንበት ባልቻለው ጉዳይ ላይ ትጠራለች። እንዲህ ከተነበበች የምትመሰክረው ሳንቲሙ በተመታበት ዓመት ስለ ጎደለውና ስለሚያሰጋው ነገር ነው።

ነገሩ ከመነሻው ይታያል። በወንጌል የምናውቀው ዲናር መመታት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ነው። ያን ጊዜ የካርታጎው ሐኒባል በኢጣሊያ ምድር ሰፍሮ ሮማን አስጨንቋት ነበር። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የብር ሳንቲም በጦርነቱ ወጪ የተነሣ መዳብ እየተጨመረበት ተበላሽቷል፤ ግምጃ ቤቱም ከመራቆቱ የተነሣ በ210 የምክር ቤቱ አባላት የቤታቸውን ወርቅና ብር ለመንግሥት እስከ መስጠት ደርሰዋል። አዲሱ ዲናር 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከአንድ የሮማ ፓውንድ 72 የሚወጣ ጥሩ ብር ነበር። በፊቱ ላይ የራስ ቁር የደፋች ሴት አለች፤ ከኋላዋም ሳንቲሙ አስ የሚባሉ አሥር የመዳብ ሳንቲሞች እንደሚያወጣ የሚናገር የአሥር ቁጥር ምልክት ተቀርጿል። ሴቲቱ ብዙዎች እንደሚቀበሉት ሮማ ራሷ ናት፤ ከተማዋ በአምላክ መልክ። ጀርባው ላይ መንትዮቹ ፈረሰኞች ካስቶርና ፖሉክስ ጦራቸውን ወድረው ይጋልባሉ። የተበላሸ ገንዘብ በእጁ የያዘ ሕዝብ አዲሱን እንዲቀበል ሲጠየቅ የከተማዋ ስም ብቻውን የሚበቃ አልነበረም፤ ከተማዋ ከአማልክት ተርታ ቆማ መቅረብ ነበረባት። የገንዘብ መምቻው ቤትም የነበረው በካፒቶል ኮረብታ በጁኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ ዘንድ ነው። ቲቱስ ካሪሲዩስ የተባለ ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ባስመታው ዲናር ላይ የዚህችን ጁኖን ራስ በፊቱ፣ መስፉን፣ ጉጠቱን፣ መዶሻውንና የቅርጽ ማተሚያውን በጀርባው አስቀርጿል። ስለ ሮማ ሳንቲም አሠራር ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነ ምስል አይገኝም፤ አንጥረኛው የሚሠራበት መሣሪያ በሙሉ በአምላኳ ጥላ ሥር ተዘርግቷል።

ይህች ዋስ ተቀባይነት እንዳገኘች የሚመሰክሩልን የውጭ ሰዎች ናቸው። የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ በ98 ዓ.ም. ስለ ጀርመን ነገዶች በጻፈው መጽሐፍ፣ ከሮማ ድንበር አጠገብ የሚኖሩት ነገዶች የሚወዱት ሲያውቁት የኖሩትን አሮጌ ገንዘብ ነው ይላል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመውን፣ ሁለት ፈረስ የሚስበው ሠረገላም ያለበትን። የባለ ሁለት ፈረሱ ሠረገላ ነጂዎች ደግሞ በአብዛኛው ሴት አማልክት ናቸው፤ የጨረቃዋ ሉና፣ የድሏ ቪክቶሪያ፣ የአደኗ ዲያና። ለምን አሮጌውን መረጡ? ኔሮ በ64 ዓ.ም. ከአንድ ፓውንድ ብር የሚወጣውን ዲናር ከ84 ወደ 96 አሳድጎ በብሩም ላይ መዳብ ስለጨመረበት ነው። ላቲን ማንበብ የማይችል የራይን ማዶ ከብት ሻጭ ጥሩውን ብር ከመጥፎው የሚለየው በአምላኳ ሠረገላ ነበር። ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ማስረጃዎች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምስሉ ከጌጥነት አልፎ ሥራ ሲሠራ ያሳየናል። ተመሳሳይ ነገር በደቡብ ሕንድም ይታያል። በዚያ ከመሬት ከወጡት የተቀበሩ ዲናሮች መካከል እጅግ ከሚበዙት አንዱ የጢባርዮስ ነው፤ በጀርባው ላይ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ያለችበት። ጢባርዮስ በነገሠባቸው ከሃያ የሚበልጡ ዓመታት ይህን ምስል ሳይለውጥ አስመታው፤ የበርበሬ ነጋዴዎቹም ለመዱት። «የቄሣርን ለቄሣር» በተባለበት ጊዜ ለጌታችን የቀረበለት ዲናር ይኸው ነበር ብለው ብዙዎች የሚገምቱትም ስለዚህ ብዛቱ ነው።

በኋላ ግን ዋስ ጠሪው ተለወጠ። ሳንቲም እንዲያስመቱ በየዓመቱ የሚሾሙት ሦስት ወጣት ሹማምንት የየቤታቸውን ዝናና የትውልድ ሐረግ በዲናሩ ላይ ማሳየት ጀመሩ። የዩሊዩስ ቤት ዘሩን ከቬኑስ ይቆጥር ስለነበር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ129 ገደማ ሴክስቱስ ዩሊዩስ ቄሣር ባስመታው ዲናር ላይ ቬኑስ ሠረገላ ትነዳለች፤ በ103 ሉኪዩስ ዩሊዩስ ቄሣር ባስመታው ላይ ደግሞ ሠረገላዋን የሚስቡላት ክንፋም ኩፒዶች ናቸው። የታወቀው ዩሊዩስ ቄሣር ከነዚህ ሁሉ አልፎ ሄደ። በ44 መጀመሪያ የገዛ መልኩን በዲናር ፊት ላይ አስቀረጸ፤ በሮማ በተመታ ሳንቲም ላይ በሕይወት ሳለ መልኩ የወጣ የመጀመሪያው ሮማዊ እሱ ነው። ቬኑስም ቪክቶሪያን በእጇ ይዛ ወደ ጀርባው ዞረች። ይህ የቦታ ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ በሮማ ዲናር ላይ የተለመደው ሥርዓት ይኸው ሆነ፤ ሰው በፊት፣ ከኋላው የምትደግፈው አምላክ። ዘውድ በሚያስጠላበት ከተማ «የዘላለም አምባገነን» የሚል ስም ከመልኩ ጋር ያስጻፈ ሰው፣ ከሕግ የማያገኘውን ዋስትና ከአያቱ ከቬኑስ ጠየቀ። መልኩ በዲናር ላይ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማርች 15 ቀን ተገደለ።

ገዳዮቹም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ብሩቱስና ካሲዩስ ለሠራዊታቸው ደሞዝ ባስመቱት የብር ሳንቲም ላይ የነጻነት አምላክ የሊቤርታስ ራስ አለ። ብሩ የተገኘው ግን ከእስያ ከተሞች በግድ ከተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ ካሲዩስ ሮዴስን ዘረፈ፣ ብሩቱስም የሊቂያን ከተሞች ሲያስገብር ክሳንቶስ ከነነዋሪዎቿ ጠፋች። ከነሱ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከ91 ጀምሮ በሮማ ላይ የተነሡት የኢጣሊያ ሕዝቦችም ኢጣሊያ የምትባል ሴት በዲናራቸው ላይ ቀርጸው ነበር፤ በአንዳንዶቹም ጀርባ ላይ ኮርማ የሮማ ምልክት የሆነችውን ተኩላ በቀንዱ ወግቶ ይረግጣታል። ኢጣሊያ የሚባል መንግሥት ያን ጊዜ በምድር ላይ አልነበረም፤ ተዋጊዎቹ ገና ሊወልዱት የሚጥሩት ነገር ነበር። ለሌለ መንግሥት አምላክ አስቀድማ ተቀረጸች፤ ወታደሩም ብሩን ከእሷ እጅ እንደሚቀበል ሆኖ ተቀበለ።

ለዚህ አነባበብ ከሁሉ የጠነከረውን ማስረጃ የሚሰጠን 69 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ዓመት አራት ንጉሠ ነገሥታት የተፈራረቁበት። ኔሮ ከሞተ በኋላ የነገሠው ጋልባ የሕዝብን ነጻነትና የሰውን ዘር ደኅንነት በዲናሩ ላይ አስቀረጸ፤ በስሙ ለዘበኞቹ ቃል የተገባውን ስጦታ ግን አልከፍልም በማለቱ ጃንዋሪ 15 በአደባባይ ተገደለ። ኦቶ ተተካ። የእሱ ዲናር ጀርባ ላይ አክሊልና በትር የያዘች ሴኩሪታስ ቆማለች፤ ጽሑፉ «የሮማ ሕዝብ ጸጥታ» ይላል። በሌላው ዲናሩ ላይ የወይራ ዝንጣፊ የያዘች ፓክስ አለች፤ «የዓለም ሁሉ ሰላም» የሚል ጽሑፍም ተጨምሮላታል። ይህ ሲመታ የራይን ሠራዊት ቪቴሊዩስን አንግሦ ወደ ኢጣሊያ እየወረደ ነበር። ኦቶ ኤፕሪል 16 በገዛ እጁ ሞተ፤ የነገሠው ሦስት ወር ነው። ቪቴሊዩስ ኮንኮርዲያን አስቀምጦ «የሮማ ሕዝብ ስምምነት» አስባለ፤ ዲሴምበር ላይ በሮማ ጎዳናዎች ላይ ውጊያ ሆኖ የጁፒተር ታላቁ ቤተ መቅደስ ተቃጠለ፣ እሱም ተገደለ። ጸጥታ፣ ሰላም፣ ስምምነት፤ እነዚህ ሦስት ስሞች የዚያን ዓመት ሦስት ጉድለቶች ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። የታኪቱስ ታሪክ ጠፍቶብን ዲናሮቹ ብቻ ቢደርሱን፣ እንደ አዋጅ ያነበባቸው ሰው 69ን የበረከት ዓመት ያደርገው ነበር፤ እንደ ዋስትና ያነበባቸው ግን ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

ከሁለተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የንግሥታቱ መልክ በዲናሩ ፊት ላይ እየበዛ ሄደ፤ በጀርባቸውም የሚቆሙት ጁኖ ከጣዎሷ ጋር፣ ሴሬስ ከስንዴ ዛላዋ ጋር፣ ቬስታ፣ ቬኑስና የንጽሕና አምላክ ፑዲኪታስ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያሰጋው ነገር የወራሽ ጉዳይ ነው። የማርቆስ ኦሬሊዩስ ሚስት ታናሿ ፋውስቲና ከአሥራ ሁለት የማያንሱ ልጆች ወልዳ ነበር፤ በዲናሯ ላይ ልጆች የታቀፈችው የመራባት አምላክ ፌኩንዲታስ ደጋግማ ትታያለች። ከነዚያ ሁሉ ወንዶች ልጆች ለአካለ መጠን የደረሰው ኮሞዱስ ብቻ ነው። እናቷ ታላቋ ፋውስቲና ከሞተች በኋላ ባሏ አንቶኒኑስ ፒዩስ ለዓመታት በስሟ ባስመታው ዲናር ላይ የጻፈው «ዘላለማዊነት» የሚል ነው። ከሁሉ የከፋው የፕላውቲላ ነገር ይመስለኛል። ይህችን የዘበኞች አዛዥ ልጅ በ202 ለሴቬሩስ ልጅ ለካራካላ ሲድሯት በዲናሩ ላይ ባልና ሚስት ቀኝ እጅ ተጨባብጠው ቆሙ፤ ጽሑፉም የመንግሥቱን ዘር መቀጠል ያበሥር ነበር። ኮንኮርዲያም ተቀረጸችላት። ዲዮ እንደሚነግረን ካራካላ ሚስቱንም አማቱንም ይጠላቸው ነበር፤ በ205 አማቱን አስገደለ፣ ሚስቱን ወደ ደሴት አሰደዳት፣ ሲነግሥም አስገደላት። ብር ላይ የተጨባበጡት እጆች ግን ዛሬም በብዙ ቤተ መዘክር እንደተጨባበጡ ናቸው።

እስካሁን ያነሣኋቸው አማልክት ስለ ፖለቲካ ዋስ የሆኑ ናቸው። ስለ ብሩ ስለራሱ ዋስ የሆነችው ኤኩዊታስ ነች፤ የትክክለኛ ልክ አምላክ። በግራ እጇ በፍሬ የሞላ ቀንድ፣ በቀኟ ሚዛን ይዛ ትቆማለች። ሞኔታ፣ ማለትም የገንዘብ መምቻው ጠባቂ፣ በዚያው ሚዛንና በዚያው ቀንድ ስለምትታይ ሁለቱን የሚለየው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ብቻ ነው። አሁን የብሩን ታሪክ ከሚዛኗ ታሪክ ጋር እናስተያይ። በአውግስጦስ ዘመን ዲናር ንጹሕ ብር ነው ለማለት ይቻላል። ኔሮ ቀነሰው። በሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ዘመን ግማሽ ያህሉ ብቻ ብር ሆነ። በ215 ካራካላ የሁለት ዲናር ዋጋ አለው የተባለ አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ በውስጡ ያለው ብር ግን የሁለት ዲናር ብር አይሞላም ነበር። በ260ዎቹ፣ በጋሊዬኑስ ዘመን፣ ይኸው ሳንቲም ከመቶ አምስት እጅ የማይሞላ ብር የነካው መዳብ ሆኖ አረፈው። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ሚዛን የያዘችው ሴት ከሳንቲሙ አልወረደችም። በሴቬሩስ ዲናር ላይ አለች፣ በአረቡ ፊልጶስ ላይ አለች፣ በጋሊዬኑስ መዳብ ላይ እንኳ ሚዛኗን እንደዘረጋች አለች። ካርሎስ ኖሬኛ የተባሉት የታሪክ ምሁር ከ69 እስከ 235 የተመቱትን፣ ከተቀበሩበት የወጡ እጅግ ብዙ ዲናሮች ቆጥረው እንዳሳዩት፣ የንጉሠ ነገሥቱን በጎ ምግባር ከሚወክሉት ሴቶች መካከል በብዛት የምትመራው ኤኩዊታስ ናት፤ ሩብ ገደማውን ትይዛለች። ብሩ የቀነሰበት ዘመን ሚዛኗ የበዛበት ዘመን መሆኑን እንደ አጋጣሚ ለማለፍ ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ኤኩዊታስ የንጉሡን ፍትሐዊነት በጠቅላላው እንጂ የሳንቲሙን ልክ አትወክልም የሚል ነው። የሚቻል ነገር ነው፤ ሚዛን የዳኝነትም ምልክት ነውና። ነገር ግን አንድ ሰው ሳንቲም በእጁ ይዞ፣ ምናልባትም በሱቅ ሚዛን ላይ ሊያስቀምጠው ሲል፣ በሳንቲሙ ላይ ሚዛን ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዳኝነት ነው ማለት ያስቸግራል። ሞኔታ ያንኑ መሣሪያ መያዟም ነገሩን ወደ ገንዘቡ ይስበዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሳንቲሙን ማን ያየዋል? እንግሊዛዊው የጥንት ታሪክ ሊቅ አርኖልድ ጆንስ በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ በሳንቲም ላይ ያለ ምስል ከዘመናችን የፖስታ ቴምብር ምስል የበለጠ ትርጉም ሊሰጠው አይገባም ብለዋል፤ ሰው የሚያየው ዋጋውን ነው፣ ምስሉን መርጦ የሚያስቀርጸውም ዝቅተኛ ሹም ሊሆን ይችላል። ይህ ክርክር ብዙዎችን ከቸኮለ ድምዳሜ ስላዳነ ሊመሰገን ይገባል። ቢሆንም የጥንት ሰዎች የተዉልን ምስክርነት ከእሱ ጋር አይሄድም። የነገሥታቱን ሕይወት የጻፈው ስዌቶኒዩስ ኔሮ ራሱን በገና ደርዳሪ አድርጎ በሳንቲም ላይ እንዳስቀረጸ ይጽፋል። ዲዮ ብሩቱስ ባስመታው ሳንቲም ላይ ሁለት ጩቤና የነጻነት ቆብ እንዳለ ሳንቲሙ ከተመታ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ይነግረናል፤ ሳንቲሙም ዛሬ ተገኝቶ ልክ እንደተናገረው ሆኗል። ፈላስፋው ኤፒክቴተስ በትምህርቱ የትራያንን መልክ የያዘውን ሳንቲም ተቀበል፣ የኔሮን ጣል እያለ ምሳሌ ያቀርባል፤ አድማጮቹ መልክን የማያዩ ቢሆኑ ምሳሌው ትርጉም አይኖረውም። የሁሉም ማሰሪያ የሚሆነው የኤፌሶኑ ዮሐንስ ነው፤ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበል የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስና ታሪክ ጸሐፊ። እሱ እንደሚለው ዳግማዊ ዩስቲን በወርቅ ሳንቲሙ ላይ ያስቀረጻትን ሴት ሰዎች ከአፍሮዲጤ ጋር ያመሳስሏት ነበር፤ ተከታዩ ዳግማዊ ጢባርዮስ እሷን አስወግዶ በምትኳ መስቀል አቆመ። ሊቃውንት እንደሚሉት ምስሏ የቁስጥንጥንያ ከተማ ነበረች። በክርስቲያን ከተማ፣ ከአማልክቱ ዘመን ማብቂያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ ሕዝቡ በሳንቲሙ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት እያለ ይጠይቅ ከነበረ፣ አማልክቱ በሚመለኩበት ዘመንማ እንዴት አይጠይቅ?

የታሪክ ምሁሯ ባርባራ ሌቪክ በ1982 ያነሡት ሐሳብ ደግሞ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል፤ ምስሎቹ የሚናገሩት ከንጉሡ ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ከሹማምንቱ ወደ ንጉሡ ነው፣ እሱን ለማስደሰት የተመረጡ ናቸው። ይህን ብቀበልም ክርክሬ አይፈርስም። ንጉሡን ሊያስደስት የሚሻ ሹም የሚመርጠው ንጉሡ አጥብቆ የሚሻውን ነገር ነው፤ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚሻው የጎደለውን ነው። ለኦቶ «ጸጥታ» ብሎ ያቀረበለት ሹም ኦቶ ምን እንደሚያሳስበው ያውቅ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሳልፈራ ላነሣው የሚገባ ነው፤ ዋስትናው የተፈጸመባቸውስ ጊዜያት? ቬስፓስያን በ69 መጨረሻ ካሸነፈ በኋላ ፓክስን በዲናሩ ላይ አስቀምጧል፤ በእርግጥም ሰላም አመጣ፣ አሥር ዓመት ነግሦ በሕመም ሞተ፣ በ75ም ለፓክስ ታላቅ ቤተ መቅደስ መረቀላት። ስለዚህ አምላኳ የጎደለውን ብቻ ትናገራለች ማለት ስሕተት ነው ይባል ይሆናል። እኔም «ብቻ» አላልኩም። ነገር ግን የቬስፓስያን ፓክስና የኦቶ ፓክስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም የወይራ ዝንጣፊ ይዘዋል፤ የሚለያዩት ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ በሆነው ነገር ነው። ቬስፓስያንም ከታላላቅ ቤቶች ያልተወለደ፣ በጦር ዙፋን የያዘ ሰው እንደመሆኑ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ዋስ ያስፈልገው ነበር። ዕዳውን ከፈለ፤ ኦቶ አልከፈለም። የአንቶኒኑስ ፒዩስን ዘመን የመሳሰለ ጸጥ ያለ ጊዜ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ምስሎች ከልማድ የተቀረጹ መሆናቸውን አልክድም፤ እዚያ እያንዳንዱን አምላክ ከአንድ ጭንቀት ጋር ማያያዝ ማስረጃን ከአቅሙ በላይ ማናገር ይሆናል። ክርክሬ የሚጸናው ምስሎቹ በድንገት ሲለወጡ ወይም በድንገት ሲበዙ ነው፤ በ69፣ በ193፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመንም እንዳየነው።

ይህን ታሪክ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው እውነተኛ መስመር የአክሱም ወደብ አዱሊስ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚቀመጡ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይቆጥራል። አክሱም የራሷን ወርቅና ብር መምታት የጀመረችው በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በንጉሥ ኤንዱቢስ ነው፤ የሮማ ብር ወደ መዳብነት በወረደበት በዚያው ዘመን ማለት ነው። ነገሥታቱ ከሮማ ብዙ ወሰዱ፤ የሳንቲም ልኩን ለንግዱ በሚመች መንገድ አቀረቡት፣ ጽሑፉን በግሪክኛ አደረጉት። ሴት አማልክቱን ግን አልወሰዱም። ይህ አምላክ ስላልነበራቸው አይደለም፤ የኢዛና የቅድመ ክርስትና ጽሑፎች አስታርን፣ ቤሄርን፣ ሜድርንና ማሕረምን በስም ይጠራሉ። በሳንቲሙ ላይ ከነዚህ እምነቶች የታየው ክብ ነገርና የጨረቃ ምልክት ብቻ ነው፤ ኢዛና ሲያምን በእነሱ ቦታ መስቀል ገባ። ሮማ ለሴሬስ ያስያዘችውን የእህል ዛላ አክሱም በንጉሡ ራስ ግራና ቀኝ አቆመችው። ንጉሡ በወርቁ በሁለቱም በኩል፣ በፊትም በጀርባም፣ አለ። ሮማ መዳቧን በስስ ብር ስትሸፍን፣ አክሱም በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቿ ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ትለብጥ ነበር። ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመዳቦቿ ላይ የታየው የግሪክኛ ጽሑፍ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት ነው።

የአክሱም ነገሥታት ለገንዘባቸው ዋስ የሆኑት ራሳቸው ናቸው፤ ከክርስትና በኋላም ከመስቀሉ በቀር ሌላ አልጠሩም። በዚህ ረገድ ከሮማ ይልቅ ቀጥተኛ ነበሩ እላለሁ። ብረቱን ግን ይህም አላዳነውም፤ በኤንዱቢስ ዘመን ንጹሕ ሊባል የሚቀርበው የአክሱም ወርቅ በየነገሥታቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ ሳንቲም መመታቱ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሲያበቃ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ወርቅ ነበረው።